በመጨረሻው እርምጃ ስለ መቀደም

በማለዳ ከየካ ወደ እንጦጦ ብትወጡ በባሕር ዛፉ መካከል የሚሮጡ ወጣቶችን ታያላችሁ። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሰውነት በጥቂት አየር ብዙ መሥራትን ይለምዳል። በእንዲህ ያለ ደጋ የሠለጠኑ ሯጮቻችን በዓለም ፊት ቢከበሩም፣ በመጨረሻው እርምጃ የተቀደሙበትም ቀን አለ።

ነሐሴ 22 ቀን 1996 ዓ.ም. በአቴና ኦሊምፒክ በ5000 ሜትር ቀነኒሳ በቀለ በሞሮኮው ሂሻም ኤል ገሩዥ ተቀደመ። ልዩነቱ ከሰከንድ አንድ አምስተኛው ብቻ ነበር። እንዲህ ያለው ሽንፈት ድሉን በእጁ እንደ ያዘ የቈጠረውን ተመልካች እጅግ ያሳዝናል፤ ከኀዘንም ወደ ወቀሳ መሻገር ቀላል ነው።

ነገር ግን ምክንያቱን እንመርምር። ቀነኒሳ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የዓለምን ክብረ ወሰን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ ይዞ ነበር፤ የአቴናው ሩጫ ግን 13 ደቂቃ ከ14.39 ሰከንድ ፈጀ። ሩጫው ሲዘገይ ጥቅሙ በፍጻሜው ለሚፈተለከው፣ የ1500 ሜትር ባለ ድል ለሆነው ለኤል ገሩዥ ሆነ። ቀነኒሳም ከ8 ቀን በፊት 10000 ሜትርን ሮጦ አሸንፎ ነበር።

እንግዲህ የተቀደመ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። ቀነኒሳ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ሁለቱንም ርቀት አሸነፈ። ስለዚህ በድል ቀን የምናጨበጭበውን ያህል በሽንፈትም ቀን እናጨብጭብ፤ ነገ ማለዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ወጣት የሚያጸናው ይህ ነውና።