የሄንሪ ፎርድ ጋዜጣ፦ ፀረ አይሁድ የሴራ ትርክትና የገጠመው ምላሽ

መኪና አምራቹ ሄንሪ ፎርድ ከ1920 እስከ 1927 ድረስ በራሱ ገንዘብ በሚያሳትመው ሳምንታዊ ጋዜጣ፣ አይሁዳውያን ዓለምን በስውር ለመግዛት ያሤራሉ የሚል የሐሰት ክስ በመላው አሜሪካ ነዛ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ክሱ አዲስ አልነበረም። አዲሱ ነገር በአገሩ እጅግ ከተከበሩት ነጋዴዎች አንዱ ስሙን፣ ሀብቱንና የሽያጭ መረቡን ለዚህ ሐሰት ማዋሉ ነው። የሃይማኖት አባቶች፣ ፕሬዚዳንቶች፣ የከተማ አስተዳደሮች፣ መኪና ገዢዎችና ፍርድ ቤቶች በየፊናቸው ምላሽ ሰጥተዋል። የአንድ ባለሀብት ጥላቻ ሕዝብን መጉዳት ሲጀምር ማን፣ በምን መንገድ ሊገታው ይችላል የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ሲነሳ የፎርድ ታሪክ አብሮ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

ዝናውና ጋዜጣው

ፎርድ በ1863 በሚሺጋን ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ኩባንያውን በ1903 አቋቋመ፤ ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪና በ1908 ለገበያ አቀረበ፤ በ1913 ደግሞ ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር በፋብሪካው ዘረጋ። በ1914 መጀመሪያ የሠራተኞቹን የቀን ገቢ ከእጥፍ በላይ አሳድጎ እስከ 5 ዶላር ሲያደርሰው ዝናው ዓለምን አዳረሰ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ከሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች ግማሽ ያህሉ የእሱ ነበሩ። ገበሬውና ወዛደሩ ከራሳቸው መካከል የወጣ ሰው አድርገው ስለሚያዩት ቃሉ በመካከላቸው ይሰማ ነበር።

ይኸው ሰው ባንኮችንና የኒውዮርክን የገንዘብ ገበያ አጥብቆ ይጠላ ነበር። አንደኛውን የዓለም ጦርነት ለማስቆም በ1915 መጨረሻ የሰላም ልዑካን በመርከብ ይዞ ወደ አውሮፓ ቢጓዝም ጥረቱ ከሸፈ። ጦርነቱን የቀሰቀሱት አይሁዳውያን ባለባንኮች ናቸው የሚለውን መሠረተ ቢስ እምነቱን በዚያው ዘመን ለሚያውቃቸው ሰዎች ይናገር ነበር። በ1918 ለሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ዘ ዲርቦርን ኢንዲፔንደንት የተባለውን አነስተኛ የአካባቢ ጋዜጣ ገዛ። ጊዜው አሜሪካውያን በሩሲያ አብዮት የተደናገጡበት፣ በስደተኞች መብዛት የሚጨቃጨቁበትና ከጦርነቱ በኋላ የመጣው የኑሮ ቀውስ የሚያስጨንቃቸው ነበር። ለመከራው ሁሉ አንድ ስውር ጠላት የሚጠቁም ጽሑፍ ሰሚ አላጣም።

ሜይ 22 ቀን 1920 ጋዜጣው «ዓለም አቀፉ አይሁዳዊ» በሚል ርእስ የመጀመሪያውን ጽሑፍ አወጣ። ተከታታዩ ለ91 እትሞች ሳይቋረጥ ዘለቀ። ባንኩን፣ ቲያትሩን፣ ሙዚቃውን፣ በቤዝቦል ስፖርት የተነሳውን ቅሌት፣ የሩሲያን አብዮት ሳይቀር በአይሁዳውያን ሴራ ያሳብብ ነበር። የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ኤድዊን ፒፕ ይህን በመቃወም ሥራውን ለቀቀ፤ በቦታው ዊልያም ካሜሮን ተተካ። ሥራውን በበላይነት የሚመራው የፎርድ የግል ጸሐፊ ኧርነስት ሊቦልድ ነበር።

ለጽሑፎቹ ዋና ምንጭ የሆነው «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» የተባለው የፈጠራ ሰነድ ነው። ሰነዱ በ1903 በሩሲያ ጋዜጣ ታትሞ የወጣ ሲሆን የአይሁዳውያን መሪዎች ምስጢራዊ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ እንደሆነ ተደርጎ ይቀርብ ነበር። በኦገስት 1921 የለንደኑ ዘ ታይምስ ጋዜጠኛ ፊሊፕ ግሬቭስ የሰነዱን ሐሰትነት በማስረጃ አጋለጠ፤ ጉልህ ክፍሉ ፈረንሳዊው ሞሪስ ጆሊ በ1864 ናፖሊዮን ሦስተኛን ለመተቸት ከጻፈው መጽሐፍ የተገለበጠ ነበር። የጆሊ መጽሐፍ ስለ አይሁዳውያን የሚለው ነገር የለም። ይህ ከታወቀ በኋላም የፎርድ ጋዜጣ ተከታታዩን አላቋረጠም።

ጋዜጣው ማስታወቂያ አያወጣም፤ ኪሳራውን የሚሸፍነው ፎርድ ነበር። ስለዚህ ገንዘቡን በመከልከል ሊጫነው የሚችል አስተዋዋቂ አልነበረም። ሥርጭቱንም የሚያሳድገው የመኪና ሽያጭ መረቡ ነው፤ በየከተማው ያሉ የፎርድ ወኪሎች ከመኪናው ጋር የጋዜጣ ደንበኝነት እንዲሸጡ ይገደዱ ነበር። በ1920ዎቹ አጋማሽ የኅትመቱ ብዛት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሆነ። ጽሑፎቹም ተሰብስበው በአራት ቅጽ መጽሐፍ ወጡ።

መመለስ ወይስ ዝም ማለት

የመጀመሪያው ክርክር የተነሳው በአሜሪካ አይሁዳውያን መካከል ነው። የአሜሪካ አይሁዳውያን ኮሚቴ ፕሬዚዳንት የነበረው ጠበቃ ሉዊስ ማርሻል ተከታታዩ እንደተጀመረ ለፎርድ የተቃውሞ ቴሌግራም ላከ። ባለባንኩ ጄኮብ ሺፍ ግን ክርክር መክፈት እሳቱን ያባብሰዋል ብሎ ዝምታን መከረ። ዝምታው ብዙ አልቆየም፤ በዲሴምበር 1920 ዋና ዋናዎቹ የአይሁዳውያን ድርጅቶች በአንድነት ለክሱ መልስ የሚሰጥ መግለጫ አወጡ።

በዲትሮይት የቤት ኤል ምኩራብ ረቢ የነበረው ሊዮ ፍራንክሊን ደግሞ የፎርድ ወዳጅና የቀድሞ ጎረቤት ነበር። ፎርድ በየዓመቱ አዲስ መኪና ይሰጠው ነበር፤ በ1920 ግን ረቢው የተሰጠውን መኪና መለሰ። ፎርድ ደውሎ ምን እንዳጣላቸው በመገረም እንደጠየቀው ይነገራል። «ጥሩዎቹ» አይሁዳውያን በጽሑፎቹ አይከፉም፣ እንዲያውም ይደግፉታል ብሎ ያምን ነበርና። አንድን ሕዝብ በጅምላ መክሰስ እያንዳንዱን ሰው እንደሚነካ የተረዳ አይመስልም።

ከአይሁዳውያን ውጭ የመጣው ተቃውሞም ጠንካራ ነበር። የአሜሪካ ፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ፌዴራል ምክር ቤት ጥላቻውን አወገዘ። በጃንዋሪ 1921 ጸሐፊው ጆን ስፓርጎ ያሰባሰበው መግለጫ ወጣ፤ አይሁዳዊ ያልሆኑ 119 ታዋቂ አሜሪካውያን ሲፈርሙበት በሥልጣን ላይ የነበረው ዉድሮ ዊልሰንና የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዊልያም ታፍት ከመካከላቸው ነበሩ። መግለጫው ለተጠቁት ብቻቸውን እንዳልሆኑ ቢያሳይም ጋዜጣውን አላስቆመም።

አንዳንድ ከተሞች ጋዜጣው በጎዳና እንዳይሸጥ ለመከልከል ሞከሩ። ክሊቭላንድ ያወጣችውን ክልከላ ግን የፌዴራል ፍርድ ቤት በ1921 አገደ፤ የፕሬስ ነፃነት ለተጠላ ጽሑፍም ይሠራል የሚል ነበር መነሻው። መኪና ገዢዎች በበኩላቸው ፎርድን መሸሽ ጀመሩ። በ1921 በሐርትፎርድ ከተማ ለታዋቂዎቹ አይሁዳውያን ለአልበርት አይንሽታይንና ለኻይም ቫይዝማን ክብር በተደረገው ሰልፍ የፎርድ መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ማርሻል ግን በድርጅት ደረጃ ያለመግዛት አድማ መጥራትን አልደገፈም፤ አይሁዳውያን ተባብረው ኢኮኖሚውን ይጫናሉ ለሚለው ለራሱ ለሐሰቱ ማስረጃ መስሎ እንዳይቀርብ ሰጋ።

ተከታታዩ በጃንዋሪ 1922 ድንገት ቆመ። ፎርድ ለፕሬዚዳንትነት ሊወዳደር ነው የሚለው ወሬ በሰፊው የሚናፈስበት ጊዜም ተቃርቦ ነበር። እረፍቱ ግን ጊዜያዊ ሆነ።

የሳፒሮ ክስ

በ1924 ጋዜጣው ወደ አዲስ ዒላማ ዞረ። አሮን ሳፒሮ የገበሬዎችን የኅብረት ሥራ ማኅበራት በማደራጀት የታወቀ የካሊፎርኒያ ጠበቃ ነበር። ጋዜጣው ሳፒሮ የአሜሪካን እርሻ በአይሁዳውያን ቁጥጥር ሥር ለማዋል የሚሠራ ሴረኛ ነው ብሎ ጻፈ። ሳፒሮ በ1925 በስም ማጥፋት ከስሶ 1 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ጠየቀ።

ሕጉ ለዚህ ክስ በር የከፈተው ሳፒሮ በስሙ ስለተጠቀሰ ነው። አንድ ሕዝብ በጅምላ ሲሰደብ የአሜሪካ የስም ማጥፋት ሕግ ለማንም ካሣ አይሰጥም። ለዚህም ነው ጋዜጣው ለዓመታት ሚሊዮኖችን ሲወነጅል ያልተጠየቀውና አንድን ሰው ሲነካ ችሎት ፊት የቆመው።

ጉዳዩ በማርች 1927 በዲትሮይት ፌዴራል ፍርድ ቤት መሰማት ጀመረ። ካሜሮን ኃላፊነቱን ሁሉ በራሱ ላይ ወስዶ፣ ፎርድ ጽሑፎቹን አስቀድሞ አያይም ነበር ብሎ መሰከረ። የቀድሞ የጋዜጣው ሠራተኛ ግን ፎርድ ሳፒሮን ለማጋለጥ እንዳሰበ ከራሱ አፍ መስማቱን ተናገረ። ፎርድ ለምስክርነት በሚጠበቅበት ሰሞን የመኪና አደጋ ደረሰብኝ ብሎ ሆስፒታል ገባ። በኤፕሪል ከጁሪ አባላት አንዷ ለጋዜጣ አስተያየት በመስጠቷ ዳኛው ችሎቱን በተኑት።

አዲስ ችሎት ከመጀመሩ በፊት ፎርድ እርቅ ፈለገ። መልእክተኞቹ ወደ ማርሻል ሄዱ፤ የይቅርታውን ጽሑፍ ያረቀቀውም ማርሻል ነው። በጁላይ 1927 የወጣው መግለጫ ፎርድ በጋዜጣው የታተመውን በዝርዝር እንደማያውቅ፣ አሁን ግን ማዘኑን፣ አይሁዳውያንን ይቅርታ እንደሚጠይቅና ጽሑፎቹን ከሥርጭት እንደሚያስወጣ ገለጸ። በኋላ እንደታወቀው በመግለጫው ላይ ያለውን ፊርማ የጻፈው የፎርድ የቅርብ ሰው ሃሪ ቤኔት ነበር። ከሳፒሮ ጋር የነበረው ክርክር በስምምነት ተዘጋ፤ ጋዜጣውም በዓመቱ መጨረሻ ተዘጋ። ወቅቱ የሞዴል ቲ ምርት የቆመበት፣ ሸቭሮሌ ገበያውን የሚሻማበትና ሞዴል ኤ የተባለችው አዲስ መኪና ገዢ የምትፈልግበት ጊዜ ነበር።

ይቅርታው ያልመለሰው

ብዙዎች ይቅርታውን በደስታ ተቀበሉ። ነገር ግን ካሜሮንም ሊቦልድም ከፎርድ ጋር መሥራታቸውን ቀጠሉ፤ ካሜሮን እንዲያውም በ1930ዎቹ በኩባንያው የሬዲዮ ፕሮግራም ለአገር ሁሉ ይናገር ነበር። መጽሐፉም ከፎርድ እጅ ወጥቷል። በጀርመን አሳታሚው ቴዎዶር ፍሪች ኅትመቱን እንዲያቆም ቢጠየቅም አሻፈረኝ አለ። አዶልፍ ሂትለር ፎርድን በመጽሐፉ በአድናቆት ጠቅሶታል። የናዚ ወጣቶች መሪ የነበረው ባልዱር ፎን ሺራክ ደግሞ ፀረ አይሁድ የሆነው በወጣትነቱ የፎርድን መጽሐፍ አንብቦ እንደሆነ በኑረምበርግ ችሎት መስክሯል። ናዚዝምን የፈጠረው ፎርድ አይደለም፤ ሆኖም በዓለም የታወቀ ስሙ ለሐሰቱ ክብር አላብሶታል።

ጁላይ 30 ቀን 1938፣ በ75ኛ የልደት በዓሉ፣ ፎርድ ከናዚ መንግሥት የጀርመን ንስር ታላቅ መስቀል ኒሻን ተቀበለ። ኮሜዲያኑ ኤዲ ካንተርና የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ኢክስ በይፋ ነቀፉት፤ ፎርድ ግን ኒሻኑን አልመለሰም። በጃንዋሪ 1942፣ አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ከገባች በኋላ፣ በአይሁዳውያን ላይ የሚነዛውን ጥላቻ እንደሚቃወም የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፈ። በ1947 ሞተ።

የልጅ ልጁ ሄንሪ ፎርድ ዳግማዊ ኩባንያውን ከዚህ ውርስ ለማላቀቅ ሠርቷል። በ1960ዎቹ ኩባንያው መኪኖቹ በእስራኤል እንዲገጣጠሙ በመፍቀዱ የአረብ ሊግ ማዕቀብ ጣለበት። ቁስሉ ግን ፈጽሞ አልሻረም። በ2019 በዲርቦርን የሚታተም የታሪክ መጽሔት የፎርድን ፀረ አይሁድነት የሚያነሳ እትም ሲያዘጋጅ የከተማዋ ከንቲባ ሥርጭቱን አገደ። እገዳው ዜና ሆኖ ጽሑፉ ከታሰበው በላይ ብዙ አንባቢ አገኘ።

በዘመናችን

በጃንዋሪ 2022 በዩታ ግዛት የሶፍትዌር ኩባንያው ኢንትራታ መሥራች የኮቪድ ክትባት የአይሁዳውያን ሴራ ነው የሚል ኢሜይል ለነጋዴዎችና ለፖለቲከኞች ላከ። የግዛቲቱ አገረ ገዥ አወገዘው፤ የኩባንያው ቦርድ እንዲለቅ ጠየቀው፤ በዚያው ቀን ለቀቀ።

በኖቬምበር 2023 ደግሞ የማኅበራዊ መገናኛው ኤክስ ባለቤት ኢሎን መስክ አይሁዳውያን በነጮች ላይ ጥላቻ ይነዛሉ የሚልን አስተያየት እውነት ነው ብሎ አጸደቀ። ዋይት ሐውስ ድርጊቱን ኮነነ፤ አፕል፣ አይቢኤምና ዲዝኒ ማስታወቂያቸውን አቋረጡ። መስክ ፀረ አይሁድ መባሉን አስተባበለ፣ እስራኤልን ጎበኘ፣ በጽሑፉም እንደሚጸጸት በአንድ መድረክ ላይ ተናገረ፤ በዚያው መድረክ ግን ማስታወቂያ ያቋረጡትን ሰደበ። በኩባንያው ባለቤትነትም ቀጠለ።

እነዚህ ጉዳዮች ሲነጻጸሩ ውግዘት ብቻውን ባለሀብትን እምብዛም እንደማያስቆም ይታያል። በኢንትራታ መሥራቹን ሊያስወጣ የሚችል ቦርድ ስለነበረ ጉዳዩ በአንድ ቀን ተቋጨ፤ በፎርድና በመስክ ላይ ግን እንዲህ ያለ አለቃ አልነበረም፤ ጫና የፈጠሩባቸው ችሎትና ገበያ ናቸው። ውግዘቱ ሌላ ሥራ ሠርቷል። የተጠቃው ሕዝብ ለብቻው እንዳይቀር አድርጓል፤ ሐሰቱም ያለ መልስ በመዝገብ እንዳይቀመጥ ከልክሏል። ፎርድ ሰባት ዓመት የዘራውን አንድ የይቅርታ ደብዳቤ ሊለቅመው አልቻለም፤ «ዓለም አቀፉ አይሁዳዊ» ዛሬም በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ይሰራጫል። ስለዚህ መልሱ ሊመጣ የሚገባው ሐሰቱ ገና ሳይባዛ፣ ከተጠቁትም ካልተጠቁትም ሰዎች ነው።