ፓርላማው ያሳደረውን ግጥም ሲያነሳው

ለቅሶ ቤት ነው። ሌሊቱ ገፍቷል። ድንኳኑ ጥግ ካርታ የሚጫወቱ አዛውንቶች ስለ ይዞታ ማረጋገጫ ጣጣ ያወራሉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ሰማንያን የተሻገሩ ጡረተኛ መምህር፣ የያዟቸውን ካርታዎች ጠረጴዛው ላይ ደፉና ግጥም ማለት ጀመሩ። ወረቀት የለ፣ መነጽር የለ፤ አንዱ ስንኝ ሌላውን እየጠራ ብዙ ሄዱበት። ንፍሮ የሚያዞረው ልጅ ሳይቀር ሳህኑን እንደያዘ ቆሞ ሰማቸው። ሲጨርሱ «በ53 ኮሌጅ ቀን ላይ የሰማሁት ነው። ‹ድሃው ይናገራል› ይባላል» አሉና ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ።

ግጥሙ የታምሩ ፈይሳ ነው፤ አንባቢ ያውቀዋል። እኔን ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። በዚያው ዘመን የጭሰኛንና የባለመሬትን ግንኙነት የሚደነግግ ረቂቅ ሕግ ተደጋግሞ ተዘጋጅቷል፤ ፓርላማ ገብቷል፤ ሕግ ሆኖ ሳይወጣ ቀርቷል። ከዚያ ረቂቅ አንዲት አንቀጽ በቃሉ የሚል ሰው በዚያ ድንኳን ውስጥ አልነበረም፤ ከድንኳኑ ውጭም ያለ አይመስለኝም። ግጥሙ ግን ከስድሳ ዓመት በላይ በአንድ ሰው አንደበት ኖሯል። የአገር ትልቁ ጉዳይ ከምክር ቤት ወጥቶ ግጥም ማንበቢያ መድረክ ላይ እንዴት ዋለ? እኚህን መምህር ቤታቸው ድረስ ሄጄ ደጋግሜ ያነጋገርኳቸው ለዚህ ነው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለፈለጉ «መምህሩ» እላቸዋለሁ።

ነገሩ ከድሉ ማግስት ይጀምራል። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ አምስት ዓመት በዱር በገደሉ የተዋጋ ሕዝብ ከነጻነቱ ጋር የተሻለ ኑሮ ይጠብቅ ነበር። መንግሥት ደግሞ ማዕከሉን ማጠናከር፣ ሠራዊት መገንባት፣ ግብር መሰብሰብ ነበረበት። ሁለቱ ብዙም ሳይቆዩ ተጋጩ። በ1935 የትግራይ ገበሬ በ«ወያኔ» ስም ተነሳ፤ አመፁ በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ድብደባ ጭምር ጸጥ ተደረገ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ባሌ ሸፈተ፤ በ1960 አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ያለው የጎጃም ገበሬ ጠመንጃውን አነሳ።

በዚህ መሐል ከተማው በአዳዲስ ተቋማት ይሞላ ነበር። ጣሊያን ሲኒማ ሊያደርገው ጀምሮ የተወው ሕንፃ ተጠናቆ በ1948 በንግሥ በዓሉ 25ኛ ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ሆነ። የመክፈቻው ተውኔት የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ መቆም እወዳለሁ። የወታደሩን ሚስት ወስዶ ባሏን ጦር ግንባር ላይ ስላስገደለ ንጉሥ የሚናገር ታሪክ፣ በንጉሥ በዓል፣ በንጉሡ የቅርብ ሹም ተጽፎ፣ ንጉሡ ባሉበት ከተማ ታየ። ማንም አልተቆጣም። ታሪኩ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ነው፤ ዳዊትም ንስሐ ይገባል። ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ተውኔት መኳንንቱን ስለነካ ታግዶ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ነቀፌታን በቅዱስ መጽሐፍ ተጠቅልሎ ሲመጣ ይቀበላል፤ በአውሬ ተመስሎ ሲመጣ ይጠረጥራል። ራቁቱን ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ገና አልታየም ነበር።

ያ ፈተና የመጣው ከኮሌጁ ነው። በ1943 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በየዓመቱ «ኮሌጅ ቀን» የሚባል በዓል ነበረው። ስፖርት አለ፣ ትርኢት አለ፣ የግጥም ውድድር አለ። ግጥም በአማርኛ ሲነበብ መምህራኑ፣ ሹማምንቱ፣ የከተማው ሰው አብሮ ይሰማል። የታኅሣሥ 1953ቱ የነመንግሥቱና ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር ተማሪዎች ለድጋፍ አደባባይ ወጥተው ነበር። ሙከራው በከሸፈ በወራት ውስጥ ነው እንግዲህ ታምሩ ፈይሳ ድሃውን በራሱ አንደበት ያናገረው።

«አዳራሹ ዝም አለ» አሉኝ መምህሩ። «ያ ዝምታ የጨዋ ዝምታ አይደለም፣ የድንጋጤ ነው። እኔ አባቴን ነው የሰማሁት። እንዲያው ግጥሙ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብዬ አላሰብኩም። አባቴ አዲስ አበባ መጥቶ፣ ኮት ሳይለብስ፣ መድረክ ላይ ወጥቶ ሲናገር ነው የታየኝ።»

አባታቸው የአርሲ ጭሰኛ ነበሩ። መምህሩ ስለ ጭሰኝነት ሲያወሩ ስለ ምርት ክፍፍሉ፣ ስለ ሲሶና እኩል አርሶ፣ ብዙም አይሉም፤ ስለ ጥበቃው ነው የሚያወሩት። «ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ አውድማው በእበት ተለቅልቆ ደርቋል። ግን የባለመሬቱ ወኪል ካልመጣ አይወቃም። ወኪሉ ደግሞ ሲመቸው ነው የሚመጣው። አባቴ በየጠዋቱ ወጥቶ ሰማዩን ያያል። ደመና ሲያይ ክምሩ ላይ ቁርበት ያለብሳል። ቤት ውስጥ እኛ ተርበናል፤ እህሉ ደጅ ነው። ስሚኝ ልጄ፣ ሰው በገዛ እህሉ ደጅ መራብ ምን እንደሆነ መጽሐፍ አይነግርሽም። ወኪሉ መጥቶ ሰፍሮ ሲጨርስ ደግሞ ለእሱ በግ ይታረዳል። ‹እንኳን ደህና መጣህ› እየተባለ!»

ሌላም ብዙ ነገሩኝ፤ ቦታ ቢፈቅድልኝ ሁሉንም በጻፍኩት። ይህን ያህል ያሰፈርኩት የሕጉ ረቂቅ ዝርዝር ከሚነግረን ይልቅ ይህ የክምር ታሪክ ስለ ጉዳዩ አጣዳፊነት ስለሚነግረን ነው።

መንግሥት ጉዳዩን አያውቅም ነበር ማለት ሐሰት ነው። በ1958 የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቁሟል፤ በዚያው ዓመት ጉልት በአዋጅ ቀርቷል፤ ኋላም አሥራት ቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር ተተክቷል። የጭሰኛ ረቂቁ ግን ምክር ቤቱን ማለፍ አልቻለም። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት በንጉሡ የሚሾሙ፣ የሕግ መምሪያው ተመራጮች ደግሞ ንብረት ያላቸው ሰዎች እንዲሆኑ የተደነገገ ነበር። ባለመሬቶች ተቀምጠው የባለመሬትን መብት የሚቀንስ ሕግ እንዲያወጡ መጠበቅ ነበር ማለት ነው። የሕጉ መዘግየትም ያለ ጉዳት አላለፈም። በ1960ዎቹ መግቢያ በስዊድን እርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ሥራ ሲጀምር ምርቱ ጨመረ፤ መሬቱ ዋጋ አወጣ፤ ባለመሬቱ ትራክተር አምጥቶ ጭሰኛውን አስወጣ። ሕጉ ቀድሞ ቢወጣ ኖሮ ብዙ ቤተሰብ በቀዬው ይኖር ነበር ብዬ አምናለሁ።

የካቲት 18 ቀን 1957 ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ የወጡት ረቂቁ እየታየ በነበረበት ሰሞን ነው። መሪዎቹ ከትምህርት ታገዱ። በዓመቱ ለማኞች ተሰብስበው የታጎሩበትን የሾላን ካምፕ ሁኔታ በመቃወም ድህነት ወንጀል ነው ወይ ብለው ጠየቁ። በ1959 ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ በብዕር ስሙ ገሞራው፣ «በረከተ መርገም» የተባለ ግጥሙን አቀረበ። ገጣሚው ከቅኔ ቤት የመጣ ነው፤ ቋንቋው ከባድ፣ ቁጣው ግልጽ። ግጥሙ በካርቦንና በስቴንስል እየተባዛ ከእጅ እጅ ዞረ። «አንድ ቅጂ ለአንድ ሌሊት ነው የሚሰጥሽ» አሉኝ መምህሩ። «በሻማ ትገለብጪያለሽ። ጠዋት ላይ የሚቀጥለው ሰው በር ላይ ቆሟል። ስትገለብጪ ታድሪና ቃል በቃል ይዘሽው ትነሻለሽ። እኛ ግጥም የሸመደድነው ወደን መሰለሽ? ወረቀቱን ማስቀመጥ አደጋ ስለሆነ ነው።»

የቤተ መንግሥቱ እጅ ግን በሁሉም ጥበብ ላይ እኩል አልከበደም። በ1953 የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር በሚሸፍን ባለቀለም መስታወት ያስጌጠው አፈወርቅ ተክሌ ተከበረ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከፈቱ። የአለቃ ደስታ ነገዎ ልጅ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከኮሎኝ ተመልሶ ያሳየው ረቂቅ ሥዕል «ይህ ደግሞ ሥዕል ነው?» ቢያስብልም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ፤ እስክንድር ቦጎሲያንም እንዲሁ። ገብረ ክርስቶስ ገጣሚም ነበርና የእሱን ሥዕሎች ሳይ፣ ያ ሁሉ ቀይ ቀለም የዘመኑን ጭንቀት የያዘ ሆኖ ይሰማኛል። ሸራ ግን የባለመሬት ስም አይጠራም፤ ሲሶ አይልም። ሳንሱሩም ሸራውን ሳይሆን ቃሉን ነው የሚያነብበው።

ልብ ወለድ ከግጥምና ከሥዕል መሐል ቆመ። ሚኒስትርና አምባሳደር የነበሩት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ፣ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የሚነሱትን የአበጀ በለውን ገበሬዎች ሁሉም አነበበ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ የጎጃም ገበሬ በእውነት ተነሳ። መጽሐፉ አስነሳው ማለቴ አይደለም፤ ገበሬው መጽሐፍ አላስፈለገውም። ሐዲስ ግን የአገራቸውን ሰው ልብ ያውቁ ነበር። እዚህ ላይ ተማሪዎቹ ያላስተዋሉት ነገርም ይታየኛል። የጎጃም ገበሬ ባለርስት ነው፤ የጠላው አዲስ ግብርና ሹም እንጂ ባለመሬት አልነበረም። የደቡቡን ጭሰኛና የሰሜኑን ባለርስት በአንድ መፈክር ማቀፍ ቀላል ነበር፤ በአንድ አዋጅ ማስተዳደር ግን ኋላ ከባድ ሆነ።

የኮሌጅ ቀን ንባቦች በድምፅ ተቀርጸው ከሆነ ልሰማቸው ፈልጌ፣ የቆዩ ቅጂዎችን የሚያስቀምጥ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። የሚመለከታቸው ኃላፊ ጥያቄዬን በጽሑፍ እንዳስገባ ነገሩኝ፤ አስገባሁ። መልሱን ስጠይቅ ጉዳዩ የሌላ ክፍል ነው አሉኝ። የትኛው ክፍል እንደሆነ ስጠይቃቸው ስልካቸው ጠራ፤ ስልኩን አንስተው በእጃቸው በሩን አሳዩኝ። ቅጂው አለ ወይስ የለም የሚለውን ብቻ ቢመልሱልኝ ይበቃኝ ነበር። የሕዝብ ንብረት የሆነን ነገር ሕዝብ ሲጠይቅ በዝምታ የሚሸኝበት ምክንያት አይገባኝም።

ከ1962 ጀምሮ ነገሩ ከግጥም አለፈ። በዚያ ዓመት ኅዳር ተማሪው ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ ወጣ። ታኅሣሥ 19 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። በማግስቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ይዘው ግቢው ውስጥ ሳሉ የክብር ዘበኛ ገብቶ ተኮሰ፤ ሌሎችም ሞቱ። መምህሩ በዚያን ጊዜ ክፍለ አገር ሄደው ያስተምሩ ነበር። «ሬዲዮ ላይ አልሰማሁትም» አሉኝ። «ተማሪዎቼ ናቸው ጥቁር ጨርቅ ደረታቸው ላይ ሰክተው የገቡት። ስም መጥራት ጀመርኩ፤ አንዱም ‹አቤት› አላለም። መዝገቡን ዘጋሁት። ያን ቀን እኔም አላስተማርኩም።»

የወሎ ረሃብ፣ የካቲት 11 ቀን 1966 የተጀመረው የመምህራንና የታክሲ ነጂዎች አድማ፣ የሠራዊቱ ማመፅ ተከታተሉ። በዚያው ዓመት የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ሀ ሁ በስድስት ወር» መድረክ ላይ ነበር። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን ካቢኔ አቋቁመው ሕገ መንግሥት ሲያስረቅቁ ጊዜው አልፎ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ የወሎ ረሃብ ፊልም በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። የካቲት 25 የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የመንግሥት አድርጎ፣ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ምክር ቤቱ ዓመታት የፈጀበትን የደርግ ወታደሮች ያለ ምክር ቤት ጨረሱት።

የተከተለውን አንባቢ ያውቀዋል፤ ቦታም አይበቃኝም። ገሞራው በስዊድን ስደት አረፈ። ገብረ ክርስቶስ በአሜሪካ ሞተ። የግጥም መድረኩ ላይ ያጨበጨበው ትውልድ በቀይ ሽብር እርስ በርሱ ተጨራረሰ። ሳንሱሩም ጌታ ለወጠ እንጂ አልቀረም።

የመምህሩ አባት በ67 የመሬት ድልድል ደረሳቸው። «ያን ዓመት ማንንም ሳይጠብቅ ወቃ» አሉኝ መምህሩ። «እናቴ እልል ስትል ነው የዋለችው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ኮታ መጣ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በራሱ ዋጋ ይወስዳል፤ ኮታ ያልሞላ ከገበያ ገዝቶ ይሞላል። አባቴ በአርባ የሸመተውን በሃያ ለመንግሥት ሲያስረክብ አይቻለሁ። ‹ደርግን ትጠላዋለህ?› ብዬ ጠየቅኩት። ‹መሬቱን የሰጠኝ እሱ ነው፤ እንዴት እጠላዋለሁ? እህሉን የሚወስደው እሱ ነው፤ እንዴት እወደዋለሁ?› አለኝ።»

ደርግ ከወደቀ በኋላ በወጣው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው በነጻ የማግኘትና ያለመነቀል መብት እንዳለው እዚያው ተጽፏል። በከተሞች ዙሪያ ካሳ ተቀብሎ ከማሳው የተነሳው አራሽ ያንን አንቀጽ በቃሉ ያውቀዋል፤ የተነሳበትን ውሳኔ የሰጡት ሰዎች ግን እሱን ጠርተው አላወያዩትም።