የዐስር ፀሐይና የመስታወት ግድግዳ

ስለ ፎቅ ውጫዊ ገጽታ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ቀለም፣ ክላዲንግና መስታወት ነው። እኛ የምህንድስና ተማሪዎች ግን ከዚያ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ እንላለን፦ ግድግዳው ፊቱን ያዞረው ወዴት ነው? ለመልሱ ከሚያስፈልገን እውቀት ግማሹን ደግሞ መድረሳ ሳለን ተምረነዋል።

የሶላት ወቅቶችን ስንማር በዘንግ ጥላ መለካትን ተምረናል። በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ዐስር የሚገባው፣ በቀትር ከነበረው ጥላ ላይ የዘንጉን ቁመት ያህል ጥላ ሲጨመር ነው (በሐነፊዮች የታወቀው ሁለት እጥፍ ነው)። የጥላና የቁመት ንጽጽር ፀሐይ በስንት ዲግሪ ከፍታ ላይ እንዳለች ይነግረናል። የመስኮት ጥላም የሚሰላው በዚሁ መንገድ ነው።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በታኅሣሥ አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይ በደቡብ በኩል 58 ዲግሪ ያህል ከፍታ ትይዛለች። በሰኔ አጋማሽ ወደ ሰሜን ተሻግራ 76 ትደርሳለች። ስለዚህ ቁመቱ 1.5 ሜትር የሆነን የደቡብ መስኮት ከቀትር ፀሐይ ለመጠለል ከላዩ 95 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚወጣ ኮንክሪት ይበቃል። ለሰሜን መስኮት 40 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። በረንዳ ካለማ ነገሩ አለቀ።

ጣጣው ያለው በምዕራብ ነው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ዐስር ሲገባ ፀሐይ በምዕራብ በኩል 41 ዲግሪ ላይ ትሆናለች። ያንኑ መስኮት ለመጠለል አሁን 1 ሜትር ከ70 ያህል ሊያስፈልገን ነው፤ ከዚያ እስከ መግሪብ ደግሞ ፀሐይ ዝቅ እንዳለች ትሄዳለች። የዙህርን ፀሐይ ከላይ በሚወጣ ጥላ መመለስ ይቻላል፣ የዐስርን ግን ከፊት ለፊት ካልጋረዷት አትመለስም። (ምሥራቅም በስሌቱ ያው ነው፤ ግን በአዲስ አበባ የጠዋት ብርድ የምሥራቅ ፀሐይን ማን ይጠላታል?)

እንግዲህ ምዕራቡን ሙሉ በሙሉ መስታወት ያለበሰ ፎቅ አስቡ። ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው መጋረጃ ይዘጋና በጠራራ ቀን መብራት ያበራል። መጋረጃው ከመስታወቱ ወዲህ ስለሆነ ሙቀቱ ቀድሞ ገብቷል። ቀጥሎ ቬንትሌተር ይገዛል።

ሐጅ ወይም ዑምራ የሄዱ ቤተሰቦች ያሏችሁ ስለ ጂዳ አሮጌው ሰፈር፣ ስለ አል-በለድ ጠይቋቸው። ባለ ብዙ ፎቅ ቤቶቹ ከግድግዳ ወጣ ያሉ፣ በተፈለፈለ እንጨት የተሸፈኑ መስኮቶች አሏቸው። ሮሻን ይሏቸዋል፤ በካይሮ መሽረቢያ ይባላሉ። ፀሐይዋን ከውጭ ያስቀራሉ፣ ነፋስ ያስገባሉ፣ ከውስጥ ያለው ሰው ሳይታይ ያያል። ይህ ሦስተኛው ለእኛ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ፎቆች ፊት ለፊት ተጠጋግተው በተሠሩበት ሰፈር አንዲት እህት በገዛ ቤቷ ወይ ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ዘግታ ትውላለች፣ ወይ ሒጃቧን አታወልቅም። በየኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ የሚወጠረው አንሶላና ሸራ አርክቴክቱ የረሳውን ነዋሪው ሲያሟላ ነው።

በአቡ ዳቢ በ2012 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቁት መንትያዎቹ የአል-ባህር ሕንጻዎች ይህንኑ መሽረቢያ በኮምፒውተር እየታዘዘ ከፀሐይ ጋር የሚከፈትና የሚዘጋ አድርገውታል። ያምራል። ለእኛ አገር ግን ሞተር ያለው ግድግዳ አንመክርም፤ ማን ይጠግነዋል? እዚሁ የሚመረት ቀዳዳ ብሎኬት፣ ክፍተት እየተተወለት የሚደረደር ጡብ ወይም ቁም የኮንክሪት ክንፍ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ሁለት ነገር ግን አይረሳ። መጋረጃ ግድግዳው በየፎቁ ከወለሉ ኮንክሪት ጋር በብረት መታሰር አለበት። ከመስኮቱም ሰው ገብቶ አቧራ ሊጠርግ የሚችልበት ያህል ይራቅ፤ ተጠግቶ ከተሠራ በጥቂት ዓመት ቀዳዳው በአቧራና በወፍ ጎጆ ይደፈናል።