መሪን በምን እንለካው? ከወልድያ ቢሮ እስከ ሐብሩ ቅሬ

የአመራር ምዘና ጥናት መሣሪያውን በአብዛኛው የወረሰው ከአሜሪካና ከአውሮፓ ድርጅቶች ነው። ባስና አቮሊዮ ያዘጋጁት ኤምኤልኪው የተባለው መጠይቅ 45 ዐረፍተ ነገሮች አሉት፤ መላሹ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። የባህል ተመራማሪው ሆፍስቴድ ከአይቢኤም ሠራተኞች መረጃ ተነሥቶ ኢትዮጵያን ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር «ምሥራቅ አፍሪካ» ብሎ በአንድ ላይ መድቧታል። የወሎዋ ሐብሩ ወረዳ ማሽላ ገበሬ ያን ምደባ ቢሰማ ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው የግሎብ የባህልና አመራር ጥናት 62 ማኅበረሰቦችን ሲያካትት ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። ግን አንድ የሚረባ ነገር ትቶልናል፤ ታማኝነትና ፍትሐዊነት በሁሉም ዘንድ ሲወደዱ፣ 35 ባሕርያት ግን አንዱ ጋ የሚመሰገኑ፣ ሌላው ጋ የሚነቀፉ ሆነዋል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችንም ቢፒአር (የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ) መጣ፣ ቢኤስሲ (ሚዛናዊ የውጤት ካርድ) ተከተለ፣ ግምገማው ደግሞ ከሁለቱም በፊት ነበረ። ወልድያ ላይ ሪፖርቱ በዞን ደረጃ ሲጠቃለል መሪው የሚታወቀው በክንውን መቶኛ ነው። የግምገማው ሂስና ግለ ሂስ በሐሳቡ ሸጋ ነው፤ የበታች የበላዩን ፊት ለፊት ይናገራል። ነገ ፈቃድ የሚፈርምለትን ሰው ግን ማን ደፍሮ ይናገራል? ይሉኝታውም አለ።

ወሎ ውስጥ ዕድሩ «ቅሬ» ይባላል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ሊቀብር ይችላል። የቅሬው ዳኛ የሚመዘነው በመጠይቅ አይደለም። ስም ሲጠራ ከቀብር የቀረው ሰው ይቀጣል፤ የቀረው የዳኛው ወንድም የሆነ ዕለት ሁሉም ዓይኑን ዳኛው ላይ ይጥላል። ቅጣቱን ካስከፈለ ቃሉ ይከበራል፤ ካለፈው ግን በሚቀጥለው ጊዜ የሚከፍል አይገኝም። በራያ ቆቦ ዘወልድ የሚባለው የሽምግልና ሥርዓትም መለኪያው ይኸው ነው፤ የታረቀው ደም ተመልሶ ተነሥቷል ወይስ አልተነሣም?

ከዚህ ተነሥቼ ስፈርድ፣ መጠይቁን ወደ አማርኛ መመለስ ብቻውን በቂ አይደለም፤ የሚጠየቀው ነገር ራሱ መለወጥ አለበት። «የቀበሌህ ሊቀመንበር ፍትሐዊ ነው?» ቢባል መልሱ «ደህና ነው፣ ይመስገን» ነው። «ለሴፍቲኔት ስም ሲመዘገብ የተዘለለ ሰው የት አቤት አለ? ምን ተመለሰለት?» ሲባል ግን ሰው ያወራል። የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪው ጋሪ ኪንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ያቀረቡት ዘዴም ይረዳል፤ መላሹ ስለ አንድ ልብ ወለድ ሹም አጭር ታሪክ ሰምቶ ነጥብ ይሰጣል፤ ከዚያ ነጥብ ሲሰጥ እጁ ሰፊ ይሁን ጠባብ ይታወቃል። ተረት ባደገበት አገር ይህ አይከብድም። ሐብሩ ውስጥ፣ መርሳ ላይ ግብርና የሚያስተምረው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሥራ ከማንም ይቀርባል። ጠያቂው ግን የወረዳውን መኪና ይዞ ከመጣ መልሱን ከወዲሁ ይወቀው።

ከ2013 ክረምት እስከ 2014 ታኅሣሥ ወልድያ በሰሜኑ ጦርነት ተይዛ ሳለች ዕቅድ የሚያወርድ፣ ሪፖርት የሚቀበል ቢሮ አልነበረም። የዚያን ጊዜ ለጎረቤቱ የቆመው ሰው በየትኛውም የውጤት ካርድ ላይ የለም፤ ጎረቤቱ ግን ስሙን ያውቃል።

የአገር ልክ ሁሉ ደግሞ ቅዱስ አይደለም። ሽምግልናው ላይ በብዛት የሚቀመጠው ወንድ፣ ዕድሜ ያለውና የተደላደለ ሰው ነው። ቀብር ላይ እንጀራውን የምትጋግር፣ ውኃውን የምትቀዳ ሴት ስለ ዳኛው የምትለው አላት፤ ለብቻዋ፣ በሴት ጠያቂ ካልተጠየቀች ግን አትናገረውም።