በኒውካስል የተቆለፈባት ቡጋቲ ስንት ታወጣለች?

ጃኪ ሚልበርን ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ኳስን በጭንቅላቱ ከማንቸስተር ሲቲ መረብ ያሳረፈበት፣ ኒውካስል ዩናይትድም ዌምብሌይ ላይ 3ለ1 አሸንፎ የኤፍኤ ካፕን የወሰደበት ዓመት እ.ኤ.አ. 1955 ነበር። በዚያው ዓመት አንድ የኒውካስል የአጥንት ቀዶ ህክምና ዶክተር በ1937 የተሠራች ቡጋቲ ገዙ።

ማግፓይሶቹ ከዚያ ወዲህ ሌላ ትልቅ የአገር ውስጥ ዋንጫ ለማንሳት 70 ዓመት፣ እስከ 2025ቱ ካራባኦ ካፕ ድረስ ጠብቀዋል። መኪናዋ ደግሞ ጥቂት ዓመት ተነድታ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዶክተሩ መኪና በሚያቆሙባት ክፍል ተቆለፈባት። ኬቪን ኪጋን የ12 ነጥብ ልዩነቱን ሲያባክን፣ አለን ሺረር በዓለም ሪከርድ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ሴንት ጀምስ ፓርክ ሲመጣ፣ እሷ እዚያው ከተማ ውስጥ አቧራ ለብሳ ተኝታለች።

ዶክተሩ በ2007 በ89 ዓመታቸው አረፉ። ልጅ ስላልነበራቸው ንብረቱ ለዘመዶቻቸው ተላለፈ። እንግዲህ ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ይቺ መኪና ስንት ታወጣለች?

ጥያቄው ለመሸጥ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ ከተወሰነ ወሰን ያለፈ ውርስ 40 በመቶ ግብር አለበት፤ ግብሩም የሚሰላው ሟቹ ባረፉበት ቀን በነበረው የገበያ ዋጋ ነው። ዝም ብሎ “ይህን ያህል ታወጣለች” ማለት አያዋጣም። የመጀመሪያው ደላላ የጠራውን ተቀብሎ ቁልፍ ማስረከብማ የባሰ ነው።

የተጫዋች ዋጋ ሲተመን ዕድሜው፣ ጉዳቱና የቀረው የኮንትራት ዘመን ይታያል። እዚህ ግን ዕድሜ ዋጋ አይጥልም። ቡጋቲ መሆኗም ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ቡጋቲ የሚባል ብዙ አለ። ይቺኛዋ “57ኤስ አታላንት” የምትባለው ዝቅ ያለችው ባለሁለት በር ሆና ተገኘች። የዚህ ዓይነት የተሠሩት 17 ብቻ ናቸው።

ቀጥሎ የሚታየው የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ነው። የድሮ ስፖርት መኪኖች ሞተር ሲቃጠል በሌላ እየተተካ፣ ላሜራው ሲጋጭ እየተቆረጠ፣ በመጨረሻ ስሙ ብቻ የቀረው ሞልቷል። የኒውካስሏ ግን ሻንሲዋም፣ ሞተሯም፣ አካሏም የራሷ ነበር። ቆጣሪዋ 26 ሺህ 284 ማይል ላይ ቆሟል፤ ወደ 42 ሺህ ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። የአዲስ አበባ ታክሲ ይህን ለመጨረስ ብዙ አይፈጅበትም።

ከዚያ ሊብሬው። በእኛ አገር ገዢ ብዙ እጅ የዞረች መኪና አይወድም። በዚህ ገበያ ግን ማን ነዳት የሚለው ራሱን የቻለ ዋጋ አለው። የቡጋቲዋ የመጀመሪያ ባለቤት ኧርል ሃው ነበር፤ በ1931 ከሰር ሄንሪ በርኪን ጋር በአልፋ ሮሜዮ የሌ ማንስን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈው፣ የብሪታኒያ እሽቅድምድም አሽከርካሪዎች ክለብም የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት። ፓራውልቱንና ስፖኪዮዎቹን ያስገጠመው እሱ ነው። በሌላ ሰው እጅ ቢሆን “ከፋብሪካ አልወጣም” ተብሎ ዋጋ ይቀንስ ነበር፤ ሃው ስለሆነ ግን ታሪክ ሆኖ ተቆጠረ።

እኛ ዘንድ መኪና ሊሸጥ ሲል መጀመሪያ የሚሄደው ቀለም ቤት ነው። ለዚህ ዓይነቷ መኪና ከዚህ የባሰ ጥፋት የለም። ሰብሳቢው የሚፈልገው ያልተነካ ነው፤ መጠገን ካለባትም በራሱ ባለሙያ ማስጠገኑን ይመርጣል። በ2015 ፓሪስ ላይ የፈረንሳዊው የባዮን ቤተሰብ መኪኖች ለጨረታ ሲቀርቡ ፊልም ተዋናዩ አለን ደሎን ይዟት የነበረችው ፌራሪ 250 ጂቲ ካሊፎርኒያ ከነአቧራዋ ነበር የቀረበችው። ቢበዛ 12 ሚሊዮን ዩሮ ተብላ ከ16 ሚሊዮን በላይ ሄዳለች።

የኒውካስል ወራሾችም ቡጋቲዋን እንዳለች ለቦንሃምስ አጫራቾች ሰጡ። ወሬው ሲወጣ ጋዜጦቹ ያዙኝ ልቀቁኝ አሉ፤ እስከ 6 ሚሊዮን ፓውንድ የደረሰ ግምት ተጻፈ። የዝውውር ወሬ የሚከታተል ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ጨረታው የወጣው በፌብሩዋሪ 2009 ፓሪስ ውስጥ ነበር፤ የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ ገና ትኩስ ነው። ዋጋው 3 ሚሊዮን 417 ሺህ 500 ዩሮ ላይ ቆመ፤ ወደ 3 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ፣ ያውም ገዢው ለአጫራቹ የሚከፍለው ኮሚሽን ተጨምሮበት። ጋዜጦቹ ከጻፉት ግማሹ ማለት ነው፤ ከወራሾቹ ኪስ የገባው ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ቡጋቲዋ ከተሸጠች ከሦስት ወር በኋላ ኒውካስል ቪላ ፓርክ ላይ 1ለ0 ተሸንፎ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። በአሰልጣኝነት የቆመው አለን ሺረር ነበር።