ትሪ ሉሰርን፦ ከደሴት ወደ ደጋ የመጣ የመኖ ዛፍ

በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት በዳባትና በደባርቅ ገብሱ ታጭዶና ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ፣ አጥር የሌለው ማሳ ሁሉ የጋራ መሰማሪያ ይሆናል። ከብቱም በጉም ተለቆ የቀረውን ይለቅማል። በዚያ ወቅት በየማሳው ድንበር አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ እንዲህ የተስፋፋው ቶሎ ስለሚያድግና ገንዘብ ስለሚያመጣ ብቻ አይደለም፤ ከብት ስለማይበላውም ነው። ችግኙን ተክለው ዞር ቢሉ፣ ሲመለሱ እዚያው ያገኙታል።

ትሪ ሉሰርን ግን ሌላ ነው። በግ ካገኘው አይምረውም።

የትውልድ ቦታው ከሞሮኮ ጠረፍ በስተ ምዕራብ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ የሚገኙት የካናሪ ደሴቶች ናቸው፤ በተለይም ላ ፓልማ የተባለችው። የዚያች ደሴት ገበሬዎች ታጋሳስቴ ይሉታል። ላ ፓልማን እንደ ሰሜን ተራሮች እሳተ ገሞራ ነው የሠራት፤ ገደላማ ናት፣ ፍየል ይረባባታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዛፉ ዘር ከዚያ ወጥቶ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ደረሰ። በእኛ አገር ደግሞ መቀመጫውን አዲስ አበባ አድርጎ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል፣ በኋላ ወደ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) የተጠቃለለው፣ ለደጋው ከሞከራቸው የመኖ ዛፎች አንዱ ሆነ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 እስከ 3,000 ሜትር ያለው ደጋ ይስማማዋል። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት።

ቅርንጫፉን ቀረብ ብለው ቢያዩት ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ የተሰደረ ነው፤ ጀርባው በስስ ጸጉር የተሸፈነ በመሆኑ ሲዳሰስ ይለሰልሳል። ነጭ አበባው ንብ ይጠራል። ከዘመዶቹ ከባቄላና ከአተር ጋር የሚያመሳስለውን ለማየት ሥሩን ቆፈር ማድረግ ይበቃል፦ በሥሩ ላይ ጥቃቅን እብጠቶች አሉ። በውስጣቸው የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ላይ ናይትሮጅን ወስደው ለዛፉ ይሰጡታል፤ ቅጠሉና ሥሩ ሲበሰብስ ደግሞ አፈሩ ድርሻውን ያገኛል። ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ ስለሚሄድ በበጋም ቅጠሉ አይነጥፍም።

ይህ ለሰሜን ተራሮች ግርጌ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባን ኩበቱን ስናስብ ነው። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነድዳል፤ ኩበት ሲነድድ ማሳው ፍግ ያጣል፤ ማሳው ሲደክም እህሉም ጭዱም ያንሳል፤ ጭዱ ሲያንስ ከብቱ ይከሳል። ትሪ ሉሰርን ይህን ሰንሰለት ከብዙ ቦታ ይበጥሰዋል። የገብስ ጭድ ያለው ፕሮቲን ከመቶ አራት ገደማ ሲሆን፣ የዚህ ዛፍ ቅጠል ግን ከመቶ ሃያ ያህል አለው። ስለዚህ ጥቂት ቅጠል ከብዙ ጭድ ጋር ሲቀላቀል በጉ ይደልባል፣ ላሟም ትታለባለች። የደረቀው ቅርንጫፍ ምድጃ ሲገባ ኩበቱ ለማሳው ይተርፋል። በእርከን ጫፍ የተተከለ ረድፍ ደግሞ አፈሩን ይይዛል። ባለሙያዎች ጥምር ደን እርሻ የሚሉት ይህንን ነው፦ ዛፉ፣ እህሉና ከብቱ በአንድ ገበሬ መሬት ላይ እየተረዳዱ ሲኖሩ።

አበቃቀሉ ብልሃት ይጠይቃል። ዘሩ ትንሽ፣ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ልባሱ ጠንካራ ስለሆነ እንዲሁ ቢዘራ ብዙው ሳይበቅል ይቀራል። ስለዚህ የፈላ ውኃ ይፈስበትና እዚያው ቀዝቅዞ ያድራል። ሲነጋ አብጦ የተገኘው ለመዘራት ደርሷል፤ ያላበጠው እንደገና ይነከራል። ችግኙ በፕላስቲክ ከረጢት ጥቂት ወራት እንዲቆይ ዘሩ በበጋው መጨረሻ ይዘራል፤ ሐምሌ ላይ ዝናቡ መሬቱን ሲያጠግበው ወደ ማሳ ይወጣል። ውኃ የሚተኛበት ዋልካ መሬት ግን ሥሩን ያበሰብሰዋል፤ የሚወደው ውኃ የማይቋጥር ተዳፋት ነው። ያደገው ዛፍ ብርዱን ይችላል፤ ለጋው ችግኝ ግን በመጀመሪያው የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ሊቃጠል ስለሚችል ሣር ወይም ጭራሮ ጣል ያደርጉበታል።

ከውርጩ የከፋው ግን ልቅ ግጦሽ ነው። የዛፉ በጎነት ጠላቱም ሆኖበታል፦ ጣፋጭ ስለሆነ ሳያድግ ይበላል። በክረምት በብዙ ድካም የተተከለ ችግኝ ከአጨዳ በኋላ በአንድ ቀን ከሰዓት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ችግኝ ማደል ብቻውን ዛፍ አያበቅልም። ጀማሪ ገበሬ ዐይኑ ከማይርቅበት፣ ከጓሮው አጥር ሥር ቢጀምር ይሻለዋል። ወደ ማሳ የሚያወጣው ደግሞ ከጎረቤቶቹ ጋር መምከር አለበት፤ ከብቱን ሳይለቁ አስሮ መቀለብ የሚቻለው መንደሩ ሲስማማ ነውና።

ጉዳዩ ተራራው ድረስ ይደርሳል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ በ2017 ወጣ። ለስጋቱ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ከመጠን ያለፈ ግጦሽ ነበር። ከበሩ መኖ የሚያጭድ ገበሬ ከብቱን ዋልያው ወደሚሰማራበት ሣር ለመንዳት የሚገደድበት ምክንያት ይቀንሳል።

ዛፉ ዓመት ገደማ ሲሞላው ወገብ ከፍታ ላይ በማጭድ ይቆረጣል። ቅጠሉ ጠውለግ ብሎ ከጭዱ ጋር ይቀርባል፤ ግንዱም ከተቆረጠበት በታች ደጋግሞ ያቆጠቁጣል። በመጀመሪያው ዓመት ከበጉ የተጠበቀ ዛፍ፣ ከዚያ በኋላ በጉን ይቀልባል።