ባሕር ዛፍና ዋንዛ በምዕራብ ጎጃም፦ የዕድገት ፍላጎታቸውና የጠቀሜታቸው ንጽጽር

መግቢያ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ሁለት ዛፎች በሁለት ዓይነት አቋቋም ይታያሉ። ባሕር ዛፍ በመንገድ ዳር፣ በጓሮና በማሳ ወሰን ላይ ተጠጋግቶ ይሰለፋል። ዋንዛ ደግሞ በበቆሎ፣ በጤፍና በበርበሬ ማሳዎች መካከል አንድ እዚህ አንድ እዚያ ተበትኖ ይገኛል። ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ሁለቱ ዛፎች ከአፈር፣ ከውሃ፣ ከእንስሳትና ከሰው የሚፈልጉት ነገር የተለያየ በመሆኑ የተፈጠረ ነው።

በባሕር ዛፍ ላይ የሚደረገው ክርክር ብዙውን ጊዜ «ይጠቅማል» እና «ይጎዳል» በሚሉ ሁለት ጫፎች ላይ ይቆማል። ዋንዛም በክርክሩ ውስጥ የሚነሣው የባሕር ዛፍ ተቃራኒና የአገር በቀል ዛፎች ተምሳሌት ሆኖ ነው። መሬቱ ከአንድ ሄክታር የማይበልጥ አርሶ አደር ግን ውሳኔ የሚሰጠው ስለ ዛፍ በጥቅሉ ሳይሆን ስለ አንዲት ቁራሽ መሬት ነው። በመሆኑም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ዛፎች በሚፈልጉትና በሚሰጡት መዝኖ፣ የትኛው የት ቢተከል እንደሚሻልና ምን ዓይነት ጥበቃ እንደሚያስፈልገው ማብራራት ነው።

የአካባቢው ሁኔታ

ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር፣ ቡሬ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ሁለቱም የወይና ደጋ አየር ጠባይ አላቸው። ዓመታዊው የዝናብ መጠን ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፣ አብዛኛው በክረምት ወራት ይጥላል። በአካባቢው ውሃ በቀላሉ የሚያሰርግ ጥልቅ ቀይ አፈር በስፋት ይገኛል፤ በረባዳው ሜዳ ደግሞ በክረምት ውሃ የሚቋጥር፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ዋልካ አለ። ከዚህ ሌላ ለዛፍ ዕድል ወሳኝ የሆነ ማኅበራዊ ሁኔታ አለ፤ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ከብቶች በየማሳው በነፃነት የሚሰማሩበት ልቅ ግጦሽ።

የዕድገት ፍላጎት

ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ለማቃለል ነው። በአገሪቱ በስፋት ከሚታወቁት ዝርያዎች ነጭ ባሕር ዛፍ ለደጋው፣ ቀይ ባሕር ዛፍ ደግሞ ለወይና ደጋውና ለሞቃታማው ቦታ ይስማማሉ። ለምዕራብ ጎጃም ወይና ደጋ የሚመቸው ቀይ ባሕር ዛፍ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ዩካሊፕተስ ካማልዱለንሲስ፣ በትውልድ አገሩ በአውስትራሊያ የሚበቅለው በወንዝ ዳርቻዎች ነው። ለጊዜው ውሃ የተኛበትን መሬትም ረጅም በጋንም የመቋቋም ችሎታው ከዚሁ የመነጨ ነው። ስለዚህ ዋልካው ላይ ብዙ ዛፎች ሲቸገሩ እርሱ ይጸናል።

ዋንዛ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኮርዲያ አፍሪካና፣ የአገሩ ዛፍ ነው። ከቆላው ላይኛ ክፍል እስከ ደጋው መግቢያ ባለው ሰፊ ቦታ ይበቅላል። በተለይ የሚወደው ግን ጥልቅ፣ ለምና ውሃ የማይቋጥር አፈር ነው። በረግረግና በቀጭን አፈር ላይ እድገቱ ይቀጭጫል።

ከአፈሩ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ልዩነት ከእንስሳት ጋር ባላቸው ግንኙነት ነው። የቀይ ባሕር ዛፍን ቅጠል ከብት አይበላውም፤ በመሆኑም በሐምሌ የተተከለ ችግኝ ያለ አጥር በጋውን ሊያልፍ ይችላል። የዋንዛ ቅጠል ግን ለከብት ተወዳጅ መኖ ነው። በየማሳው የሚታዩት ዋንዛዎች ብዙዎቹ ወፎች ከጣሏቸው ዘሮች በራሳቸው የበቀሉ ናቸው። ቡቃያው ለማደግ ሁለት ፈተናዎችን ማለፍ አለበት፤ የመጀመሪያው ማረሻ ሲሆን ሁለተኛው ልቅ ግጦሽ ነው። በእርሻ ጊዜ አርሶ አደሩ በሬዎቹን ዘወር አድርጎ ካላለፈው፣ በበጋም በእሾህ ካላጠረው፣ ዋንዛው ዛፍ ለመሆን አይበቃም። ስለዚህ ዛሬ በማሳ መካከል የሚታይ ትልቅ ዋንዛ የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ ሳይሆን ለተከታታይ ዓመታት የተደረገ ጥበቃ ውጤት ነው።

ጠቀሜታ

የባሕር ዛፍ ትልቁ ሀብት ፍጥነቱ ነው። ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ለአጣናና ለቤት መሥሪያ ይደርሳል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ ሌላ ችግኝ ሳይተከል ደጋግሞ ይታጨዳል። ለማገር፣ ለቋሚ፣ ለወራጅ፣ ለከሰልና ለማገዶ ይውላል፤ የደረቀ ቅጠሉም እንጀራ ይጋገርበታል። ከሁሉም በላይ ቆሞ የሚጠብቅ ቁጠባ ነው። ለልጅ ትምህርት፣ ለሕክምና ወይም ለሠርግ ገንዘብ ሲያስፈልግ ባለቤቱ በፈለገው ጊዜ ቆርጦ ይሸጠዋል።

ዋንዛ ለጣውላ እስኪደርስ ከአሥር ዓመታት በላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። እንጨቱ ግን በቀላሉ የሚሠራና ውበት ያለው በመሆኑ ለበር፣ ለመስኮት፣ ለአልጋ፣ ለቁም ሳጥን፣ ለሙቀጫና ለከበሮ ይፈለጋል። ዛፉ ሳይቆረጥም ይጠቅማል፤ ነጭ አበባው ለንብ ቀሰም፣ ጣፋጭ ፍሬው ለሕፃናትና ለወፎች ምግብ፣ ቅጠሉ ለከብት መኖ፣ ጥላውም ለቡና መጠለያ ነው።

በሰብል ላይ ያላቸው ተጽዕኖ

ዋንዛ ሰፊ ቅጠሉን ሲያረግፍ ቅጠሉ ቶሎ በስብሶ ወደ አፈር ይገባል። ከጥላው ሥር ያለው አፈር ከጥላው ውጭ ካለው ይልቅ በብስባሽና በንጥረ ነገር የበለጸገ የሚሆነውም ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ጥላው የብርሃን ዋጋ ያስከፍላል፤ ቅርንጫፉ በወቅቱ ካልተመለመለ ግንዱ አጠገብ ያለ ሰብል ይቀጭጫል።

በባሕር ዛፍ መስመር አጠገብ ያለ ሰብል ጉዳት ከዚህ የከፋ ነው። ሥሩ ወደ ማሳው ዘልቆ ውሃና ንጥረ ነገር ይሻማል፤ ቅጠሉም በዝግታ የሚበሰብስና የሌሎችን ዕፀዋት ዕድገት የሚያውኩ ውሕዶች ያሉበት ነው። ጉዳቱ ወሰን አያውቅምና አንዱ በድንበሩ ላይ የተከለው ዛፍ የጎረቤቱን ምርት ይቀንሳል። እዚህ ላይ ትርፉ የተካዩ፣ ኪሳራው የሌላው ይሆናል።

«ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል» የሚለው አባባልም ማብራሪያ ይሻል። ዛፉ ለአንድ ኪሎ ግራም እንጨት የሚያወጣው ውሃ ከብዙ ዛፎች ጋር ሲነጻጸር የተጋነነ አይደለም። ነገር ግን በፍጥነት ስለሚያድግና ተጠጋግቶ ስለሚተከል፣ ከአንድ ቁራሽ መሬት በዓመት የሚወስደው አጠቃላይ ውሃ ብዙ ነው። ስለዚህ ለእንጨት አምራች ቆጣቢ የሆነው ይኸው ዛፍ፣ ለምንጭ ባለቤቶች አባካኝ ሊሆን ይችላል። ቅጠሉና ቅርፊቱ ሳይቀር ከመሬቱ ሲወሰዱም ወደ አፈር የሚመለስ ንጥረ ነገር ይመናመናል።

መደምደሚያ

ከንጽጽሩ እንደሚታየው ሁለቱ ዛፎች አንዱ ሌላውን የሚተኩ አይደሉም። ባሕር ዛፍ የሚጠይቀው ለብቻው የተለየ መሬት ነው። ከምንጭና ከጎረቤት ማሳ ርቆ፣ ለሰብል እምብዛም በማይመች ቦታ ሲተከልና ቅጠሉና ቅርፊቱ ለአፈሩ ሲተውለት ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል። ለም የሆነውን ቀይ አፈር በባሕር ዛፍ መሸፈን ግን በቀላሉ የማይቀለበስ ውሳኔ ነው፤ መሬቱን ወደ እህል ለመመለስ ጉቶውን ነቅሎ ማውጣት ብዙ ጉልበት ይጠይቃል።

ዋንዛ በአንጻሩ የተለየ መሬት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ጥበቃና ጊዜ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር በመንግሥትና በክልል ደኖች ውስጥ እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች መድቦት ነበር። የቆመን ዛፍ በክልከላ ማቆየት ይቻል ይሆናል፤ ያልበቀለውን ግን ክልከላ አያሳድገውም። የነገው ዋንዛ የሚወሰነው ዛሬ በማረሻው ፊት ባለው ቡቃያና በበጋው ግጦሽ ነው። በመሆኑም የዋንዛን ችግኝ ከማከፋፈል ጎን ለጎን ልቅ ግጦሽን በመንደር ስምምነት መገደብ ያስፈልጋል። ከብት በማሳው ላይ ያለ ጠባቂ እስከ ተሰማራ ድረስ፣ አርሶ አደሩ ከብት የማይበላውን ዛፍ መምረጡ ካለማወቅ የመጣ ስሕተት ሳይሆን ሁኔታው ያስገደደው ውሳኔ ነው።